ፎርኖውን አይታችሁ ጓሮውን ለምን ዘለላችሁት?

የሥራ ቦታ ደኅንነት ቁጥጥር ለሚመለከተው ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ መኪና ለቀለም የምናዘጋጅ የጋራዥ ሠራተኞች ጤናና ደኅንነትን ይመለከታል

የተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ባለፈው ወር ሁለት ተቆጣጣሪዎቻችሁ የምንሠራበት ጋራዥ መጥተው ነበር። ፎርኖውን፣ ማለትም መኪና ቀለም የሚረጭበትንና በሙቀት የሚደርቅበትን ዝግ ክፍል፣ ከፍተው አዩ። ማራገቢያውን አስነስተው ሰሙ። የእሳት ማጥፊያው ላይ የተጻፈውን ቀን አነበቡ። ከዚያ ቢሮ ገብተው ቅጽ ሞሉ። «ለሠራተኛው ጤና ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ሲጠይቁ አሠሪያችን «በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት እንሰጣለን» አለ። ወተቱም ቅጹ ላይ ተጻፈ። ጋራዡ አለፈ።

እኛ ያን ሰዓት ጓሮ ነበርን። ጠዋት እንደገባን «ዛሬ ማሸት የለም» ተብለን፣ ወለሉን አጥበን፣ ንጹሕ ቱታ ለብሰን ቁጭ ብለናል። አንደኛው ተቆጣጣሪ እስከ ጓሮው በር መጣ። «እዚህስ ምን ይሠራል?» አለ። «ዝግጅት ነው፣ እዚህ ቀለም አይረጭም» ተባለ። አመስግኖ ተመለሰ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በዚያች መልስ ምክንያት ነው።

መኪና ቀለም መቀባት ሲባል ሰው የሚታየው መርጨቱ ነው። ግን አንድ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የመኪና አካል) ፎርኖ ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ ከሰዓታት አያልፍም። ፎርኖ ከመግባቱ በፊት ጓሮ ውስጥ ሁለት ቀን ይውላል። የድሮው ቀለም በግራይንደር ይፋቃል። ባትላሜራው፣ የተጎዳውን ቆርቆሮ የሚያቃናው ሰው፣ የቀጠቀጠው ቦታ ስቱኮ የሚባል መሙያ ይለብሳል። ስቱኮው ሲደርቅ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ጎድጎድ ያለ ቦታ ከቀረ እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ማሸት። ቀጥሎ 180፣ ቀጥሎ 320። ከቀለሙ በፊት የሚመታው ፕራይመር ይረጫል፣ እሱም ይታሻል። ፎርኖ የሚገባው ለዚያች ለመጨረሻዋ ደቂቃ የተዘጋጀው ብረት ነው፤ አቧራው፣ ሽታውና ብናኙ ግን እኛው ጋ ቀርቷል። ፎርኖው ማራገቢያ አለው። ጓሮው ያለው አንድ በርና ግማሹ የተነቀለ ቆርቆሮ ነው።

አቧራውን ልንገራችሁ። ስቱኮ ከቀይዋ ማድረቂያ ጋር ሲማታ ቀለሙ ወደ ሥጋ ሮዝ ይሄዳል። ደርቆ ሲታሽ ልክ እንደ ሽሮ ዱቄት ይሆናል። ልስልስ ነው፣ ቶሎ መሬት አይወርድም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ አየሩ ላይ ቆሞ ታዩታላችሁ። ማታ ሁላችንም ሽማግሌ ሆነን ነው የምንወጣው፣ ቅንድባችን ሸብቶ። በዚህ እንሳሳቃለን። ማስካችንን ስናወርድ ግን ከአፍንጫችን ሥር ሁለት መስመር አለ። ያቺ ሰማያዊዋ የኮሮና ማስክ ናት ማስካችን። በጎንና በጎን ክፍት ነች። ለአቧራም አልተሠራችም፣ ለቲነር ሽታ ደግሞ ጭራሽ። ግን ተቆጣጣሪ ከሩቅ ሲያያት «ማስክ ያደርጋሉ» ብሎ ይጽፋታል።

እውነተኛ ማስክ አለ ወይ ብትሉ፣ አንድ አለ። ሁለት ጎን ማጣሪያ ያለው። ለሁላችንም ነው። ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል፣ ከቲነር ጣሳው ከፍ ብሎ። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ከሰል ሽታ የሚይዘው ሰው ሲያደርገው ብቻ አይደለም፤ ተሰቅሎም ይይዛል። ስለዚህ ተራችን ደርሶ ስናደርገው ሥራውን ጨርሶ ነው የምናገኘው። መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ ሰው የለም።

አንደኛው ነገር አሮጌ መኪኖች ናቸው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ላዳ መጣልን፤ ድሮ ታክሲ የነበረች። በሯን ስንፍቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ነበረች። ላይኛው ነጭ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ሌላ ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ብርቱካን የመሰለ አንቲራስት። ድሮ ዝገት መከላከያው እርሳስ ወይም ክሮሜት ያለበት ይሆን ነበር። እርሳስ ደም ውስጥ ገብቶ ነርቭ የሚጎዳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕፃናትን የሚያደነዝዝ ብረት ነው። ክሮሜት ካንሰር ያመጣል። የላዳዋ ቀለም ምን እንዳለበት የመረመረ ማንም የለም። እኛም በደረቁ በግራይንደር ፈቅናት። አቧራውን በኮምፕሬሰር ከልብሳችን ላይ አራገፍን። ያንኑ ቱታ ለብሰን ቤት ሄድን፤ አንደኛችን በር ላይ ልጁ ሮጣ መጥታ እግሩን አቀፈችው። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ አውጥታለች፤ ደግ ነው። ግን ደንቡ የሚሸጠውን አዲስ ቀለም ነው የሚያየው። እኛ የምንፍቀው ከደንቡ በፊት የተቀባውን ነው።

ሁለተኛው ነገር የባልደረባችን ነው። 11 ዓመት አብረን ሠርተናል። ፕራይመር የሚረጨው እሱ ነበር። «እዚህ ቀለም አይረጭም» የተባለው እውነት ነው፤ ቀለም አይረጭም። ፕራይመር ግን ይረጫል። ፎርኖው ሥራ ሲበዛበት ፕራይመር ጓሮ ነው የሚመታው፤ ይሄ እኛ ጋራዥ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ፕራይመሩ ከማድረቂያ ጋር የሚደባለቅ ነው። ማድረቂያው ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ክፋቱ፣ አፍንጫ ሳይነግርህ ሊጎዳህ ይችላል። «ሽታው ቀለል ብሏል፣ ማስክ አውልቅ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት ደግሞ በኋላ ትንሿ ትበቃዋለች። አስም ይሆናል።

ባልደረባችን መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ይስል ጀመር። ብርድ ነው አለ። ዳማከሴ ታሸ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር በላ። ደረቱ ማፏጨት ሲጀምር ወደ ጤና ተቋም ሄደ። አክታ ተመረመረ፤ ቲቢ የለም። ሽሮፕ ተሰጠው። ለፋሲካ አገር ቤት ሄዶ አሥር ቀን ሲቆይ ሳሉ ድራሹ ጠፋ። ጠበል ነው ያዳነኝ እያለ ተመለሰ። ሰኞ ሥራ ገባ። ሰኞ ማታ መተንፈስ አቃተው። ሥራ ቦታ የሚብስ፣ ዕረፍት ላይ የሚሻል ሳል የሥራ ሳል መሆኑን የነገረው አልነበረም። ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም «የምትሠራው ምንድነው?» ብሎ ጠየቀው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ነው። መልሱን ሲሰማ «ይሄን ሥራ ካልተውክ መድኃኒት አይጠቅምህም» አለው።

ተወው። ካሳ የለም፣ ምክንያቱም በሥራ የመጣ በሽታ ተብሎ የትም አልተመዘገበም። አሁን ታክሲ ተራ ያስከብራል። «የሚኒባስ ጭስ ይሻለኛል» ይለናል፤ እየቀለደ ይሁን አይሁን አላውቅም።

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የቀለም ቀቢነትን ሙያ ራሱን ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ ያስገባው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። አንድን ኬሚካል ለይቶ አይደለም፤ ሙያውን ነው። ከመካከላችን ያን ጊዜ ያልተወለደ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ወደ ወተቱ ይመልሰናል። ቲነር እኛ ጋ የሚቀመጠው በሃይላንድ ነው። ከትልቁ ጀሪካን ይቀዳል፣ በሃይላንድ ይዞራል። ውሃም በሃይላንድ ነው። አንድ ቀን ተላላኪው ልጅ ጠምቶት አንዱን አንስቶ ተጎነጨ። ሁለት ጉንጭ ሳይጨርስ ጣለው። ተራወጥን። ምን አደረግን? ወተት ሰጠነው። ከዚያ ጣታችንን ጉሮሮው ከተን አስመለስነው። ለሕይወቱ ብለን ነው። ሐኪሙ ግን ተቆጣን። ቲነር የጠጣ ሰው እንዲያስመልስ አይደረግም፤ ሲመለስ ሳንባ ይገባል። ልጁ ከሆስፒታል የወጣው በስንት ቀኑ፣ ከሆዱ ይልቅ ደረቱ ታሞ ነው። ተረፈ፣ ተመስገን። እኛ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው ብለን ነበር የምናምነው። ማን አስተማረን? በየቀኑ ግማሽ ሊትር የሚሰጠን ሰው።

ስለዚህ በግልጽ እንናገር። ወተቱን አልጠላነውም። ምግብ ነው፤ ለአንዳንዶቻችን ቁርስም እሱ ነው። ግን ወተት የሚገባው ሆድ ነው። አቧራ የሚገባው ሳንባ ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ አይገናኙም። ወተት በደኅንነት ቅጽ ላይ መጻፍ የለበትም።

ሌሎችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልጥራቸው። ከቆርቆሮው ወዲያ ባትላሜራው ይበይዳል፣ ከቆርቆሮው ወዲህ ቲነር ክፍት ነው። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይፈልጋል። አንዴ ጨርቅ ተያይዞብን በአሸዋ አጥፍተናል። በውሃ እያሸን ወለሉ በሚረጥብበት ቦታ በስኮች የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ ይጎተታል። የኮምፕሬሰሩ ጋን ውሃ የሚለቀቀው ሰው ትዝ ሲለው ነው። ግራይንደር ለዓመታት የያዙ ልጆች ማለዳ ጣታቸው ይደነዝዛል፣ ብርጭቆ መያዝ ያቅታቸዋል። እጃችንን የምንታጠበው በቤንዚንና በሰጋቱራ ነው፤ ነዳጁ ቤንዚን ውስጥ በእንግሊዝኛ benzene የሚባል፣ ደም የሚያበላሽ ኬሚካል እንዳለበት የሰማነው በቅርብ ነው።

አዲስ ነገርም መጥቷል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና ጓሯችን መግባት ጀምሯል። ከሥሯ ብርቱካናማ ወፍራም ገመድ አላት። እሱን መንካት ሞት መሆኑን ያወቅነው ከዩቲዩብ ነው። ኤርባግ ያለው በር ባትሪ ሳይነቀል ግራይንደር እንደማይነካውም እንዲሁ። ፎርኖ ውስጥ 60 ዲግሪ ስትጋገር ባትሪዋ ምን ያህል ሙቀት ይችላል? አምራቹ ገደብ አለው፤ ወረቀቱ ግን እኛ ጋ አልደረሰም።

ፍትሕ ስለፈለግን የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። ማስክ ተሰጥቶን «ያፍነኛል» ብለን ያወለቅን አለን። «እኔ 20 ዓመት ሠርቼ ምን ሆንኩ?» የሚል ታላቅ በየጋራዡ አይጠፋም። ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የ16 ዓመት ተለማማጅ ልጅ ያለ ምንም ነገር ስቱኮ አሳሽቻለሁ። ያን ጊዜ የሰጠሁት ምክር «አፍህን በፎጣ እሰር» ነበር። እኔንም ያስተማሩኝ እንዲያ ነው። የአሠሪዎቻችንም ጭንቅ ይገባናል። ኢንሹራንስ ሥራ የሚሰጠው በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ነው፤ ማስክና ማጣሪያ የሚገዛው ጋራዥ ዋጋው ከፍ ይልና ይሸነፋል። ይህን ማስተካከል የአንድ ጋራዥ ጉዳይ አይደለም። ለዚህ ነው ወደ እናንተ የመጣነው።

ሕጉ እኮ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያዛል። አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ በአሠሪው ወጪ እንዲመረመር ያዛል። አደጋና በሥራ የመጣ በሽታ ተመዝግቦ ለተቆጣጣሪ እንዲነገር ያዛል። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ጤናውን የሚጎዳ ሥራ ላይ እንዳይገባም በዚያው አዋጅ ተጽፏል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42ም ጤናማና አደጋ የሌለበት የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት ይለዋል። ባልደረባችን ከእነዚህ አንዱንም አላየም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ቅጹ ላይ የዝግጅት ቦታ የሚል ራሱን የቻለ ክፍል ይግባ። ፎርኖ ያለፈ ጋራዥ ጓሮው ሳይታይ አይለፍ። ስትመጡም ቀድማችሁ አትደውሉ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ኑ፤ ስቱኮ ደርቆ የሚታሽበት ሰዓት ነው። ማስክ መኖሩን ሳይሆን ፊት ላይ መሆኑን እዩ።

ወተት ከቅጹ ይውጣ። በእሱ ፋንታ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ማስክ፣ አቧራንም ሽታንም የሚይዝ ማጣሪያ፣ ማጣሪያው የተቀየረበት ቀን እና በሥራ ያልሆነ ጊዜ የሚቀመጥበት ክዳን ያለው ዕቃ ይጻፍ። ከማድረቂያ ጋር የሚደባለቅ ፕራይመር ጓሮ መርጨት ይከልከል፤ ፎርኖ ውስጥ የሚረጨው ሰውም ንጹሕ አየር በቱቦ የሚደርሰው ማስክ ይኑረው።

አቧራ የሚመጥ ማሻ ማሽን ውድ ነው ይባላል። ለሁሉም ጋራዥ በአንድ ቀን ግዙ አንልም፤ የጊዜ ገደብ ስጡ። እስከዚያው ግን ገንዘብ የማይጠይቁ አሉ። አሮጌ ቀለም በውሃ ይታሽ እንጂ በደረቁ አይፈቅ። ወለል ረጥቦ ይጠረግ። ልብስ በኮምፕሬሰር አይራገፍ። ቱታ ሥራ ቦታ ይቅር፣ እዚያው ይታጠብ። ቲነር ከሃይላንድ ይውጣ፤ ከውጭ የሚመጡ ጣሳዎችም ላይ አደጋውና የመጀመሪያ እርዳታው በአማርኛ ይለጠፍ።

በየዓመቱ የትንፋሽ ምርመራ ይደረግልን። አሮጌ መኪና የሚፍቁ ደግሞ ደማቸው ለእርሳስ ይመርመር። ከጤና ቢሮ ጋር ተነጋግራችሁ፣ የሚስል ሰው ሲመጣ «የምትሠራው ምንድነው?» የሚለው ጥያቄ ካርዱ ላይ ይግባልን። የባልደረባችን ጉዳይም በሥራ የመጣ በሽታ ተብሎ እንደገና እንዲታይ እንጠይቃለን። የሐኪም ወረቀቱ እጁ ላይ ነው።

ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከጓሮው ይውጡ። ሙያ ይማሩ እንጂ ስቱኮ አይሹ። ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አጭርም ቢሆን ሥልጠና አዘጋጁልን።

በመጨረሻ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ይህን ደብዳቤ አይታችሁ ጋራዡን ማሸግ መፍትሔ አይምሰላችሁ። እንጀራችን ነው። ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ «ማን ነው ያመለከተው?» ብሎ አሠሪ ፊት እንዳይጠይቅ። ሰባታችን ተስማምተን ጽፈነዋል። ስንመጣ ስማችንን ለእናንተ ብቻ እንሰጣለን። በሁለት ወር ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የአንድ ጋራዥ የቀለም ዝግጅት ክፍል ሠራተኞች ተወካይ
አዲስ አበባ